የሐኪም ያለህ!

በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ "የኔ" የሚለው ባለሙያ አለው። የኔ ፀጉር አስተካካይ፣ የኔ ልብስ ሰፊ፣ የኔ ጋራዥ፣ የኔ ሥጋ ቤት፣ የኔ ጀበና ቡና… ከሃያ ሁለት እስከ አያት ያለ ልጅ ፀጉሩን ለማያውቀው ሰው አይሰጥም። ቆራጩ ከቦሌ ለቆ ሰሚት ቢገባ ሁለት ታክሲ ይዞ ይከተለዋል። ሥጋ ቤት ገብቶ "እንደተለመደው" ሲል ሥጋ ቆራጩ ጮማ ይብዛ ይነስ ያውቃል፤ ማብራሪያ አይጠይቅም። አሁን ይኼንኑ ልጅ "ሐኪምህ ማነው?" ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ይደነግጣል። "ምነው? የታመምኩ እመስላለሁ እንዴ?" ይላል። ሲረጋጋ ደግሞ የአንድ ሕንጻ ስም ይነግራችኋል። ሰው ተጠይቆ ሕንጻ!

እንግዲህ ፀጉራችን ቋሚ ሰው አለው፣ ኩላሊታችን ግን የለውም። የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በሌላ መልኩ ካየነው ለባህላችን እንግዳ አይደለም። ብዙው የኦርቶዶክስ ቤት የነፍስ አባት አለው። የነፍስ አባት በዓል ሲመጣ ጠበል ረጭተው ዳቦ ባርከው የሚሄዱ ሰው ብቻ አይደሉም። አባወራው መጠጥ እንዳበዛ፣ ትልቁ ልጅ ከአባቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ አያትየው እንቅልፍ እንዳጡ ያውቃሉ። የሰሙትን ለጎረቤት አያወሩም። ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር ሲገጥማቸውም ወደሚችለው ይመራሉ። በሙስሊም ጓደኞቻችን ቤትም ቤተሰቡን ከሥር መሠረቱ የሚያውቁ፣ ምክር የሚጠየቁ ሼህ አይጠፉም። ደግሞ ልብ በሉ፦ ማንም ሰው የነፍስ አባቱን ነፍሱ ልትወጣ ስትል አይመርጥም። በደህናው ቀን ነው የሚይዘው። ለነፍሱ ይኼን ያህል ሥርዓት የዘረጋ ሕዝብ ሥጋውን ግን ለተረኛ ያስረክባል።

*

ለምሳሌ ገርጂ የሚኖር አንድ የ28 ዓመት ወጣት እናስብ። ልጅ ሳለ በተከተበበት ጤና ጣቢያ አንድ ካርድ አለው። ተማሪ ሳለ በታከመበት ክሊኒክ ሁለተኛ ካርድ አለው። መሥሪያ ቤቱ ውል ካሰረበት ሆስፒታል ሦስተኛ፣ ከተከራየው ኮንዶሚኒየም ሥር ካለው ክሊኒክ አራተኛ፣ ጓደኛው "እዛ ጋ አንድ አሪፍ ዶክተር አለ" ብሎ ከወሰደው ቦታ አምስተኛ። በአምስቱም ላይ ስሙና ዕድሜው ተጽፏል። አምስቱ ካርዶች ግን አይተዋወቁም። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው አንደኛው ላይ ሰፍሯል። አባቱ የስኳር ሕመምተኛ እንደሆነ ሌላኛው ላይ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ እንደነበር ሦስተኛው ላይ ይገኛል። ልጁ ራሱ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አያስታውስም። ስለ አንድ ሰው ጤና ያለው እውቀት ከቦሌ እስከ ኮተቤ በአምስት መደርደሪያ ላይ ተበትኖ አቧራ ይለብሳል።

ስድስተኛ ቀን ላይ ልጁ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ስድስተኛ ክሊኒክ ይገባል። ስድስተኛ ካርድ። ሐኪሙ አይቶት አያውቅም፤ ነገ ተመልሶ መጥቶ እንደሚያየውም እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ ደም ይታዘዛል፣ ሽንት ይታዘዛል፣ ውጤቱም ይመጣል። ምን እንደሚል የአዲስ አበባ ልጅ በቃሉ ያውቀዋል፦ "ታይፎይድና ታይፈስ።"

እነዚህ ሁለቱ በዚህ ከተማ እንደ መንትያ ነው የሚጠሩት። ነገር ግን ዘመዳሞች እንኳ አይደሉም። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ የሚመጣ ነው፤ ታይፈስ በዋናነት በቅማልና በቁንጫ ነው የሚተላለፈው። (ቦሌ ላይ ከፎቅ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ካፌ የሚመላለስ ሰው በየሦስት ወሩ ሁለቱም እኩል ሲገኙበት ነገሩን መጠየቅ ደግ ነው!) አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ዊዳልና ዌል ፌሊክስ የሚባል ምርመራ ጀርሙን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን ነገር ነው። ያ ደግሞ ካለፈ ሕመም ተርፎ ሊቆይ ይችላል፣ በሌላ ትኩሳትም ሊታይ ይችላል። በአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ "ታይፎይድ ነው" ብሎ መደምደም እንደማይቻል የሕክምና ተማሪ ሁሉ ይማረዋል። ታዲያ ለምን ይደመደማል? አንደኛው ምክንያት ይኼው የማያውቁት ሰው ጉዳይ ነው። የሚያውቃችሁ ሐኪም ከደም በፊት ጥያቄ ያስቀድማል። "ባለፈው ሳምንት የት ነበርክ?" ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ እዚህ አይነክስም። ልጁ ግን ቅዳሜና እሁድን አዋሽ አሳልፎ መጥቶ ከሆነ ታሪኩ በሙሉ ይቀየራል። ይህንን ጥያቄ የሚተካ ማሽን ገና አልመጣም።

ጥያቄው ሲቀር የሚከተለው አንቲባዮቲክ ነው። ሲተውት የተሻለ መድኃኒት ይዋጣል፣ ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ ምስጋናው ለክኒኑ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ ክሊኒክም አይሄድ፤ ፋርማሲ ጎራ ብሎ "ያቺን የታይፎይዷን ስጡኝ" ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ መድኃኒቱ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ጀርሞቹ ለምደውት ይገኛሉ። አንድ ከተማ በሙሉ የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ይኼ የሚጮኸው በሽታ ነው። ዝም የሚሉት ይብሳሉ። የደም ግፊት አይጮህም። ስኳር ቶሎ አይጮህም። ኩላሊት ሲጮህ ብዙውን ጊዜ ነገሩ አልፏል። እነዚህን የሚይዛቸው የዛሬው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የዛሬው ከአምናው፣ የአምናው ከካቻምናው ጋር ሲተያይ ነው። 135 የሚል የደም ግፊት ለአዲስ ሐኪም "ደረጃ ወጥተህ ይሆናል" የሚያሰኝ ቁጥር ነው። አምና 125፣ ካቻምና 115 እንደነበር ለሚያውቅ ሐኪም ግን አቅጣጫ ነው። አቅጣጫ ለማየት ደግሞ እዚያው ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

*

"ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው" የሚል አይጠፋም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ኢንሹራንስ ሲገቡ ብዙዎቹ አንድ ቋሚ ሐኪም እንዲመርጡ ይጠየቃሉ፤ እንግሊዞች በ1948 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸውን ከጀመሩ ወዲህ ሰው በሠፈሩ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል፤ ኖርዌዮች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ዜጋ በስም የሚታወቅ ሐኪም እንዲኖረው አድርገዋል። እውነት ነው። እነዚሁ ኖርዌዮች የ4.5 ሚሊዮን ሰው መዝገብ አገላብጠው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው፣ ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች ከሐኪማቸው ጋር አንድ ዓመት ብቻ ካላቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለድንገተኛ ሆስፒታል የመግባትም ሆነ የመሞት ዕድላቸው ከ25 እስከ 30 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ይናገራል። ጥናቱ ሐኪም መቀየር ይገድላል አላለም። አብሮ መቆየትና ዕድሜ ግን አብረው ሲሄዱ አሳይቷል።

ሆኖም ሐሳቡን ለማግኘት እስከ ኦስሎ መሄድ አያስፈልግም። ጎንደር ይበቃል። በ1940ዎቹ አጋማሽ የደንቢያን ሜዳ ወባ ሲፈጀው ሀገሪቱ የተረዳችው ነገር ቢኖር ትላልቅ ሆስፒታሎች ብቻቸውን ሕዝብ እንደማያድኑ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር፤ ሦስቱ እንደ ቡድን ወደ አንድ ወረዳ ይሄዳሉ፣ እዚያው ይኖራሉ፣ ሰውን በስሙ ያውቃሉ። ዓለም "መሠረታዊ ጤና ለሁሉም" ብሎ አልማ አታ ላይ የተሰበሰበው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ጎንደር ቀድማ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ አልቆመም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከዓመታት በኋላ ወደ ከተማም መጣ። አዲስ አበባ ላይ የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል አሠራር ተዘርግቶ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። (ቦሌ ላይ የገጠማቸውን መገመት አያቅትም፦ የብረት በር፣ "ውሻ አለ" የሚል ማስታወቂያና "ማንም የለም" የሚል ዘበኛ።) በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ2008 ዓ.ም. ወጡ። እንግዲህ "የቤተሰብ ሐኪም" የፊልም ቃል አይደለም። እዚሁ ጥቁር አንበሳ ደጃፍ ላይ ሦስት ዓመት የሚማሩት ሙያ ነው።

*

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? አንዱ ንቀት ነው። በዚህ ከተማ "ጂፒ ነው" የሚለው ቃል እንደ ስድብ ነው የሚነገረው። ራስ ምታት ያለበት ቀጥታ ኒውሮሎጂስት፣ ደረቱን የወጋው ቀጥታ ካርዲዮሎጂስት፣ ሆዱን የነፋው ቀጥታ ኢንዶስኮፒ ይፈልጋል። ስፔሻሊስት የተከበረ ነው፣ ይገባዋልም። ነገር ግን የልብ ሐኪም የሚያየው ልብ ነው። ደረትህን የወጋህ ጨጓራህ ይሁን ጡንቻህ፣ ወይስ ሥራ ልትባረር ነው የሚል ጭንቀት፣ ይህን ለመለየት መጀመሪያ ሙሉውን ሰው የሚያይ ያስፈልጋል። ጠቅላላ ሐኪም ማለት ስፔሻሊስት መሆን ያልቻለ ሰው አይደለም። ወደ የትኛው በር እንደምትሄድ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው ችግር ከእኛ ምርጫ በላይ ነው፤ ሐኪሙም አይቆምም። አንድ ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ቀን መንግሥት ቤት፣ ማታ አንድ ክሊኒክ፣ እሁድ ሌላ ክሊኒክ ተረኛ ሆኖ ነው ኑሮን የሚገፋው። ዛሬ ያገኛችሁት ዶክተር በሦስተኛው ወር ሌላ ቦታ፣ በዓመቱ ሌላ ሀገር ሊሆን ይችላል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ጠይቀው ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ፣ በዚያም ሰበብ የታሰሩ እንደነበሩ ስንሰማ፣ ብዙ ሰው ነገሩን የሐኪሞች ጉዳይ አድርጎ አለፈው። የታካሚ ጉዳይ ነው። ኑሮው ያልቆመለት ሐኪም ለማንም ቋሚ ሐኪም ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ለቋሚ ሠራተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ግን ተግባሩ ለዓመታት ሲጓተት ቆየ። በመሐል ያለው የቦሌ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ በመረጠለት ሆስፒታል ይታከማል፤ ሥራ ሲቀይር ሐኪሙም አብሮ ይቀየራል።

*

ይኼ ሁሉ ባለበት፣ ያም ሆኖ፣ የሚቻል ነገር አለ። እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው።

ቅርብ ያለውን አስቀድሙ። ማታ 11 ሰዓት ላይ መገናኛን ያየ ሰው ሲኤምሲ ሆኖ ሐኪሙን ሜክሲኮ አያደርግም። እያተኮሳችሁ የምትደርሱበት ቦታ ይሁን። ቤት የምትቀያይሩ ተከራዮች ደግሞ ከቤታችሁ ይልቅ ለሥራ ቦታችሁ የሚቀርበውን ያዙ፤ ከአከራይ ይልቅ አሠሪ ይቆያል።

ግድግዳውን አንብቡ። ፈቃዱ ተሰቅሎ ማየት መብታችሁ ነው። ያያችሁ ሰው ጠቅላላ ሐኪም ነው፣ ጤና መኮንን ነው፣ ነርስ ነው? ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ "ዶክተር" ማለት ጨዋነት ቢሆንም ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ጎበዝ ጤና መኮንን ከቸኮለ ዶክተር ይሻላል፤ ዋናው ማንነቱን ሳይደብቅ መናገሩ ነው።

ወረቀቱን ወይስ እናንተን እንደሚያይ አስተውሉ። ተናግራችሁ ሳትጨርሱ የላብራቶሪ ወረቀት ከተቀደደ ሌላ ቦታ እዩ። "ምርመራ አያስፈልግህም፣ ውኃ ጠጣና ሦስት ቀን ጠብቀኝ" ብሎ ገቢውን የቀነሰ ሐኪም ካገኛችሁ አትልቀቁት። ወርቅ ነው።

"ይኼ ከእኔ በላይ ነው" ማለት ይችል እንደሆነ እዩ። ሁሉንም አክማለሁ ከሚል ራቁ። ጥሩ ሐኪም የሚላክበትን ቦታ ያውቃል፤ ስትመለሱም "ምን አሉህ?" ብሎ ይጠይቃል።

ምስጢር። ይኼ ለእኛ ዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ቤት ውስጥ አንድ "የአባባ ጓደኛ" ዶክተር አለ። ለአባባ ጥሩ ነው። ስለ ወሊድ መከላከያ፣ ስለ ኤችአይቪ ምርመራ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ እንቅልፍ እጦት መጠየቅ የምትፈልግ የ22 ዓመት ልጅ ግን ጥያቄዋ እሁድ ምሳ ላይ እንዳይደርስ ትፈራለችና ዝም ትላለች። የራሷን ሐኪም ትያዝ፤ ሴት ሐኪም ከመረጠች ሴት ትፈልግ፤ አታፍርበት። ሐኪም የሚያዘው ሊነገሩ የማይችሉ ነገሮች እንዲነገሩ ነው።

ጤና ጣቢያን አትናቁ። በብዙ ወረዳ አለ፤ ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በነፃ የሚሰጥበት ነው። ሰልፍ አለው። አውሮፓም ቀጠሮ ወር ይፈጃል። ሰልፉን የማይችል የግል ክሊኒክ ይያዝ፤ ግን አንድ ይያዝ።

ተረኛውን በስሙ ያዙ። "ዶክተር እገሌ መቼ መቼ ነው የምትገባው?" ብላችሁ ጠይቃችሁ በእሷ ቀን ሂዱ። ከወረዳ ወረዳ ስትቀይሩ ደግሞ የካርዳችሁን ማጠቃለያ ጠይቁ። ያም ካልተገኘ በአንድ ደብተር ላይ የደም ግፊታችሁን፣ የማይስማማችሁን መድኃኒትና የቤተሰባችሁን ሕመም ጻፉ። ለዕቁብና ለዕድር መዝገብ የያዘ ሕዝብ ይኼ አያቅተውም።

የክሊኒክ ባለቤቶችም እንነጋገር። ማሽን ገዝታችሁ ባነር ትሰቅላላችሁ፤ እሰይ። ባነሩ ላይ ግን አንድም ሐኪም በቋሚነት እንዳላችሁ አልተጻፈም። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ጎሮ ባለው መንገድ "ሐኪማችን ሦስት ዓመት እዚሁ ነች" ብሎ መጻፍ የሚችል ክሊኒክ ቢገኝ ኤምአርአይ ካለው በላይ ደንበኛ ያገኛል ብለን እናምናለን። ለአሠሪዎችም፦ ሠራተኛችሁን ወደ ሕንጻ መላክ ትታችሁ ሐኪም እንዲመርጥ አድርጉ።

አንድ ነገር እንጨምርና እናብቃ። ሌላ ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም። ከባድ ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ አለበት፤ ይህን ደግሞ ጥሩ ሐኪም ራሱ ይመክራል። እኛ ያልነው ከአንዱ ቤት ተነሥቶ ሌላውን መጠየቅና ቤት ሳይኖር በየደጁ መዞር አንድ አይደሉም ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ምንም ሳያማችሁ፣ አንድ ቀን መርጣችሁ ሂዱ። "አላመመኝም፣ ልተዋወቅህ ነው የመጣሁት" በሉ። ግር ይለው ይሆናል። የደም ግፊታችሁን ለክቶ ይጽፋል፣ የአባታችሁን ጤና ይጠይቃል፣ ካርዱን ይዘጋል። የከፈላችሁት የካርድ ገንዘብ ከአንድ ምሽት ክትፎ ባይበልጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ተመለሱና ሁለተኛውን ቁጥር ከመጀመሪያው ጎን አስጽፉ።

ጤና ይስጥልን!